ስለ አዲስ ሕንፃ ሥራና ስለ ጥንታዊ ሕንፃ ጥገና

አዲስ ቤት መሥራት የሀብት ምልክት ነው፤ ከአባቶች የተረከቡትን ሳያበላሹ ለልጅ ማስተላለፍ ግን የማስተዋል ምልክት ነው። አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሠርቶ በውሉ ቀን ቢያስረክብ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ያው ተቋራጭ ለጥንታዊ ሕንፃ ጥገና በተጠራ ጊዜ፥ ሥራው በዋጋ ማነስና በፍጥነት ብቻ ሊመዘን አይገባም።

ይህም ነገር በሐይቅና በአምባሰል በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስፍራ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያስጻፉት ወንጌልም የዚሁ ገዳም ሀብት ነው። በአምባሰልም የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ ግሸን ደብረ ከርቤ ትገኛለች፤ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰብባታል። በእንዲህ ያለ ስፍራ በስሕተት የጠፋ ነገር በገንዘብ አይተካም።

ለዚህም የጎንደር ነገር ምስክር ይሆናል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን በፋሲል ግቢ በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ ገባ፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ግን ወደ ቀድሞው ኖራ ተመለሱ። ኖራ የግንቡን እርጥበት ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ይዘጋዋል፤ የታሰረውም ውኃ ድንጋዩን ከውስጥ እየላጠ ይጥለዋል። ስለዚህ ለአዲስ ሕንፃ ብርታት የሆነው ነገር ለአሮጌው ግንብ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና አስቀድሞ በባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲሠራ ደነገገ። ሆኖም ፈቃድ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው። ውል የሚያዋውሉ ሹማምንት ተቋራጩ ኖራ የሚያውቁ ግንበኞች እንዳሉት አስቀድመው ይመርምሩ። የመጨረሻውም ርክክብ ክረምት አልፎ ግንቡ ከታየ በኋላ፥ የደብሩ አለቃ ባሉበት ይፈጸም። የተነሣው ድንጋይና የገባው ኖራ በዝርዝር ተጽፎ ከቁልፉ ጋራ ለካህናቱ ይሰጥ፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚጠግነው ሰው የቀደመውን ሥራ ሊያውቅ የሚችለው በዚህ ጽሑፍ ነውና።