ዝም ብሎ የሚሞላ ማሽን

ፀጉራችሁ በዚህ ሙያ ለሸበተ ባልደረቦቼ፤

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። ወጣቶቹ የሚያዩት እኛን ነው፤ እኛ «ችግር የለውም፣ ይሠራል» ካልን እነሱም ይሠራል ብለው ይቀጥላሉ። ስለዚህ ነገሬ ከእኩዮቼ ጋር ነው። ኮምፓይለርና ኢንተርፕሪተር ለምትሠሩት፣ ለምታስተምሩት፣ የሌላውን ኮድ አይታችሁ «ይለፍ» ለምትሉት ነው የምናገረው።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው። በሊስፕ ቋንቋ ለቫሪያብል ዋጋ የሚሰጠው ትእዛዝ ሴትኪው ይባላል፤ ስምና ዋጋ፣ ስምና ዋጋ እያጣመረ ይሄዳል። በጊምቦ ወረዳ እሸት ቡና ለሚረከብ አንድ ጣቢያ ፕሮግራም ተጻፈ እንበል፤ ውስጡም ይህ መስመር አለ፦

(ሴትኪው ብር 60 ኪሎ)

ብር 60 ተሰጠው። ኪሎ ግን ስሙ ተጠርቶ ዋጋው ቀረ። ጸሐፊው ስልክ ይደወልለት፣ መብራት ይጥፋበት፣ ብቻ ቁጥሩን ሳይጽፍ ቅንፉን ዘግቶ ተነሣ። አሁን ማሽኑ ምን ያድርግ?

ፓይተን ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። «ኪሎ እኩል ይሆናል» ብላችሁ ቀኙን ባዶ ብትተዉት፣ ከፋይሉ አንድም መስመር ሳይሠራ ስህተቱ ይነገራችኋል፤ ሰዋስው አይፈቅድማ! ሊስፕ ግን አነባበቡ ሌላ ነው። የሊስፕ አንባቢ የሚጠብቀው ቅንፍ መከፈቱንና መዘጋቱን ነው። ከላይ ያለው መስመር ለእሱ አራት ነገር የያዘ፣ ጤነኛ ዝርዝር ነው። ጉድለቱን ማየት ያለበት ከአንባቢው ቀጥሎ የሚረከበው ኢንተርፕሪተር ወይም ኮምፓይለር ነው። እነዚህ ሁለቱ ዝም ካሉ ከእነሱ ወዲያ የሚናገር የለም።

ዝም ያሉበት ዘመንም ነበር፤ ያውም አጭር አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የወጣው የጽሑፍ አርታዒ ጂኤንዩ ኢማክስ የራሱ ሊስፕ አለው። በዚያ ሊስፕ ዋጋ የጎደለው የመጨረሻ ስም ያለ አንዳች ድምፅ ኒል ይሰጠው ነበር። ይህ እንዲቀር የተደረገው በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው 25.1 እትም ነው። ከዚያ ወዲህ ሴትኪው ጎደሎ ቁጥር ይዞ ከመጣ ስህተት ነው።

እንዴት እንደዚያ ሊሆን ቻለ ለሚል፣ ተንኮል የለበትም። ኢንተርፕሪተሩ ስሙን ከወሰደ በኋላ የቀረውን ዝርዝር መጀመሪያ «ና» ይለዋል። የቀረው ባዶ ነው። በሊስፕ የባዶ ዝርዝር መጀመሪያ ያው ባዶ ነው፣ ኒል። ስለዚህ ማንም አስቦ ያልጻፈው ኒል በገዛ እጁ መጥቶ ኪሎ ላይ ተቀመጠ። መጥፎው ዕድል ደግሞ ኒል በሊስፕ ሦስት ሥራ አለው፤ ባዶ ዝርዝር ነው፣ «የለም» ነው፣ «ሐሰት» ነው። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ወደ ታች «ኪሎ ካለ መዝግብ፣ ከሌለ እለፍ» የሚል መስመር ቢኖር፣ ማሽኑ ያልፋል። የገበሬው ቡና ሚዛን ላይ ወጥቶ ወርዶ፣ መዝገብ ላይ ግን አልመጣም። ስህተት አልታየም፣ ፕሮግራሙ አልቆመም፣ ማታ ሪፖርቱ አምሮ ታተመ።

ሚዛን ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ የክብደቱ ሳጥን ባዶ ሆኖ ቢያገኘው፣ ከራሱ «የለም» ብሎ ሞልቶ ደረሰኙን ቢቆርጥ ምን እንለዋለን? «ትጉህ ነው፣ ሥራ አላስቆመም» አንለውም።

እዚህ ካፋ ውስጥ ማን ሊስፕ ይጽፋል የምትሉ አትጠፉም። አውቶካድ የተጫነበት የመሐንዲስና የቀያሽ ኮምፒውተር ውስጡ ሊስፕ አለው፤ አውቶሊስፕ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አብሮት ነው። ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ የሚነደፈው ሕንጻና መንገድ በዝቷል። በገደላማው አገራችን መንገድ የሚነድፍ ሰው የቆረጣና የሙሌት አፈር መጠን ያሰላል፤ ለዚህም ከሰው የተቀበለውን፣ ማን እንደጻፈው የማያውቀውን ትንሽ ፕሮግራም ይጭናል። በአውቶሊስፕ ደግሞ ዋጋ ያልተሰጠው ስም ሁሉ ኒል ነው። ስሙን በአንድ ፊደል ብትስቱት አዲስ ስም ይሆናል፣ እሱም ኒል ነው። ቁጥር ላይ ሲደመር «ባድ አርጉመንት ታይፕ፣ ነምበርፒ፣ ኒል» ይላችኋል። አውቶሊስፕ የነካ ሰው ይህን መልእክት ያላየ የለም። ልብ በሉ፤ መልእክቱ የሚነግራችሁ ድምሩ የት እንደተሰበረ እንጂ ስሙ የት እንደተሳተ አይደለም። ጥፋቱ ከዚያ ሁለት መቶ መስመር ወደ ላይ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ይህ የታደለው ነው። መደመር ባይኖር፣ «ካለ» ብሎ የሚጠይቅ መስመር ብቻ ቢኖር፣ እሱም አይነገራችሁም ነበር።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር።

ኢንተርፕሪተር የመጀመሪያውን ጥንድ ከመንካቱ በፊት ይቁጠር። ብዙዎቻችሁ ጥንድ በጥንድ እየሠራችሁ ትሄዱና ጎደሎው ጋ ስትደርሱ ስህተት ታነሣላችሁ። ይህ ከዝምታ ይሻላል፤ ግን ብር 60 ተሰጥቶታል፣ ኪሎ የድሮ ዋጋው ላይ ነው። የዛሬ ብር ከትናንት ኪሎ ጋር ተጋባ ማለት ነው። ስህተቱን ይዞ የሚቀጥል ሌላ ኮድ ካለ በዚህ የተደበላለቀ ሁኔታ ላይ ይሠራል። ዝርዝሩን አንድ ጊዜ መቁጠር ደግሞ ዋጋው እዚህ ግባ አይባልም።

ኢንተርፕሪተር ግን ምንም ቢተጋ ያልደረሰበትን አያይም። ጎደሎው መስመር በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሂሳብ መዝጊያ ሰሞን ብቻ የሚሠራ ቅርንጫፍ ውስጥ ካለ እስከዚያ ተኝቶ ይቆያል። ኮምፓይለር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የማይሠራውንም ቅርንጫፍ ያነብባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይኸው ነው። ኮምፓይለሩ መስመሩን፣ የስሙን ማንነትና ስንት አርጉመንት እንዳገኘ ይናገር። የቀረውን ፋይል ማንበቡን አያቁም፤ አሥር ስህተት ካለ አሥሩንም በአንድ ጊዜ ማወቅ ይሻላል። በጎደሎው ቦታ ግን ሲደረስበት የሚጮህ ኮድ ያስቀምጥ እንጂ ኒል አይሙላበት። ስቲል ባንክ ኮመን ሊስፕ የተባለው ኮምፓይለር የሚያደርገው ይህንን ነው፤ አካሄዱን እደግፋለሁ።

እዚህ ላይ ግን ሰው የሚዘናጋበት ወጥመድ አለ። የኮመን ሊስፕ ፋይል ኮምፓይል የሚያደርገው ፈንክሽን ሦስት ዋጋ ይመልሳል፦ የተሠራውን ፋይል፣ ማስጠንቀቂያ መኖሩንና ሥራው መክሸፉን። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ተቀብሎ «ፋይሉ ተሠርቷል» ብሎ ይጭነዋል። ፋይሉ እርግጥ ተሠርቷል፤ ጩኸቱም ውስጡ ተቀብሯል። ሦስተኛውን የማይጠይቅ ስክሪፕት ኮምፓይለሩን ዲዳ አደረገው ማለት ነው። ማሽኑ ከተናገረ በኋላ አለመስማት የማሽኑ ጥፋት አይደለም።

ከዚህም የባሰ ልማድ አለ። በኢማክስም በኮመን ሊስፕም ኢግኖር ኤረርስ የሚባል ነገር አለ፤ ስህተት ሲነሣ ውጦ ኒል ይመልሳል። አያችሁት? በ2016 እ.ኤ.አ. በፊት ለፊቱ በር ያስወጣነውን ኒል በጓሮ በር አስገባነው። ኮዱ «እንዳያስቸግር» ብላችሁ ዋጋ መስጫውን በዚህ የምትጠቀልሉ፣ ምን ዓይነት ስህተት እየዋጣችሁ እንደሆነ ስሙን ጠርታችሁ ጻፉ። ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ አትዋጡት።

ለእኛ ፊደል ተጠቃሚዎች የተለየ አደጋ ስላለ እሱንም ልጨምር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዘመናዊ ሊስፕ ቫሪያብልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል፣ መልካምም ነው። ነገር ግን ሠራተኛ እና ሰራተኛ ለአንባቢ አንድ፣ ለማሽኑ ሁለት ናቸው። ዩኒኮድ አያስተካክላቸውም። አንዱን ዋጋ ሰጥታችሁ ሌላውን ብትጠሩ ቅርጹ ፍጹም ትክክል የሆነ፣ ትርጉሙ ግን የተሳሳተ መስመር ይኖራችኋል። ቆጠራ እዚህ አይረዳም። የኢማክስም የስቲል ባንክም ኮምፓይለር ለማይታወቅ ስም ዋጋ ስትሰጡ በማስጠንቀቂያ ያልፋሉ። ስኪም የተባለው የሊስፕ ዓይነት ጠንከር ይላል፤ ያልተገለጸ ስም ዋጋ መቀየር በደረጃ መጽሐፉ ስህተት ነው፣ ከስኪም ኢንተርፕሪተሮች አንዱ የሆነው ጋይልም ስሙ እንዳልታሰረ ነግሮ ይቆማል። በ2013 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አይኮግ ላብስ የሠራበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓት ኦፕንኮግ በዚሁ በጋይል ይታዘዝ ስለነበር ይህን ጥብቅነት በእጃቸው የሚያውቁ የአገራችን ልጆች አሉ። እነሱን ብትጠይቁ ደግ ነው።

«የድሮው ኮድ ይሰበራል» ትሉኛላችሁ። የዋህ ክርክር አይደለም፤ የኢማክስ ሰዎችም ብዙ ዓመት የታገሡት ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን በዝምታ የሚሞላው ኒል ላይ ተደግፎ የቆመ ኮድ ዛሬም የተሰበረ ነው፤ ልዩነቱ መሰበሩን አለማወቃችን ነው። ኒል የፈለገ ሰው ኒል ብሎ ይጻፍ፤ ከሦስት ፊደል አይበልጥም።

ባልደረቦቼ፣ ከቦንጋ ዩኒቨርሲቲም ከሌላውም የሚወጡት ልጆች ነገ የመሬት፣ የገቢና የቡና መዝገብ የሚጽፉ ናቸው። እናንተ ስታስተምሯቸው ማስጠንቀቂያን ዘሎ ማለፍ ካሳያችኋቸው እነሱም ይዘልላሉ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ በእጃችሁ ያሉትን የግንባታ ስክሪፕቶች ክፈቱ፣ ሦስተኛውን ዋጋ ጠይቁ፣ ኢግኖር ኤረርስ ያለበትን እየለቀማችሁ አውጡ፤ ጎደሎ ሴትኪው የሚያሳልፍ ኢንተርፕሪተር ያላችሁም ዛሬውኑ እንዲቆጥር አድርጉት።