ጀምበርን የሚሰድብልኝ አጣሁ

መስከረም ሲጠባ ሾላ ገበያ የገባ ሰው የምለው ይገባዋል። የቅቤውና የበርበሬው ሽታ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ልብስ በሚሸጥበት በኩል ያለው መተላለፊያ በተማሪ ቦርሳ ይጥለቀለቃል። ቦርሳው ላይ ያልተሳለ ጀግና የለም። ሸረሪት ሰውዬው አለ፣ የሌሊት ወፍ ሰውዬው አለ፣ የበረዶዋ ልዕልትም አለች። እዚያ መሐል ነው አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከነጋዴ ጋር ሲሟገቱ ያየሁት። ነገሩ በዋጋ መስሎኝ ነበር። ዋጋውስ አልቋል፤ እምቢ ያለው ልጁ ነው።

«ይሄ ቤን ቴን አይደለም» ይላል።

«እንዴት አይደለም? ስሙ ተጽፎ የለም እንዴ!»

«ሰዓቱን በቀኝ እጁ አድርገውታል። ቤን ቴን ሰዓቱን የሚያስረው በግራው ነው።»

«ደብተርህን ይያዝልህ እንጂ የሰዓቱን እጅ ማን ጠየቀህ?» አሉ እናት። ነጋዴው ነገር አዋቂ ነው፤ «ማሙሽ፣ አንተ ደግሞ በመስታወት እየው!» ብሎ ገላገላቸው። ቦርሳው ተገዛ።

ለማታውቁት፣ ቤን ቴን እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረ የካርቱን ተከታታይ ፊልም ነው። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ከሕዋ የወደቀ ሰዓት እጁ ላይ ይጣበቅበትና ወደ አሥር ዓይነት የሌላ ዓለም ፍጡር ይለዋወጣል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ መሆኑ ነው። ከቴሌቪዥን ወደ ኮሚክ መጽሐፍ ተሻገረ፣ ከዚያ ወደ ቦርሳ። ያ ልጅ ታዲያ ያደረገው ምንድን ነው? ቅጂውን ከምንጩ ጋር አስተያየና ስህተቱን ነቀሰ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የአንድን ገጸ ባሕርይ ግራ እጅ ከቀኝ ለይቶ የሚሟገተኝ ተማሪ በሴሚስተር አንድ ባገኝ ለእግዜር ምስጋና አቀርብ ነበር።

ይህን ዓይነት ጭቅጭቅ በሥርዓት የያዙት ፈረንጆቹ ናቸው። «ስታር ትሬክ» የሚባለውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም ታስታውሱ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 የታየው ነው። ገና ሲታይ፣ በ1967፣ ጎልድ ኪ የተባለ አሳታሚ ኮሚኩን ማውጣት ጀመረ። ሥዕሉ ግን የተሠራው ጣሊያን አገር ነው። ከሠዓሊዎቹ ዋነኛው አልቤርቶ ጂዮሊቲ ፊልሙን አይቶት አያውቅም ነበር። ጥቂት ፎቶግራፎች ተልከውለት እነሱን እያየ ሣለ። በቴሌቪዥኑ ላይ «ኢንተርፕራይዝ» የተባለችው መርከብ ያለ እሳትና ያለ ጭስ ነው የምትበረው። በኮሚኩ ላይ ከኋላዋ እንደ ሮኬት እሳት ትተፋለች! ሰውየው ምን ያድርግ? የጠፈር መርከብ ሣል ተባለ፣ ሣለ።

አድናቂዎቹ ይህን እሳት ሊረሱት አልቻሉም። ዛሬም፣ ስንት ዓመት አልፎት፣ ይነሣል። አንደኛው ወገን «ይሄ ስታር ትሬክ አይደለም፣ ስሙን የለበሰ ሌላ ነገር ነው» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «ፊልሙ ተቋርጦ እኛ በተራብንበት ዘመን ያበላን ይሄ ኮሚክ ነው፤ እሳቱም ለምዶብናል» ይላል። እውነት አለው፤ ተከታታዩ በ1969 ሲቆም ኮሚኩ እስከ 1979 ዘልቆ 61 ዕትም ወጥቷል። ባለንብረቶቹ ደግሞ ለረጅም ጊዜ «እውነተኛው ታሪክ በስክሪን ላይ የታየው ብቻ ነው» የሚል ደንብ ይዘው ኖሩ። በእንግሊዝ «ዶክተር ሁ» ላይ የደረሰው ከዚህም ያስቃል። በ1963 በተጀመረው ፊልም ውስጥ ሽማግሌው ዶክተር ሱዛን የምትባል የልጅ ልጅ አለችው። በዓመቱ ኮሚኩ ሲወጣ ጆንና ጊሊያን የሚባሉ ሁለት የልጅ ልጆች ይዞ ብቅ አለ። ከየት መጡ? የማን ልጆች ናቸው? በውርስ ክርክር ላይ ለቅሶው ካበቃ በኋላ እንደሚመጡ ልጆች ማለት ነው። ተመልካቹ እስካሁን ፍርዱን አልጨረሰም።

ለዚህ ሁሉ ሙግት የሚጠቀሙበት ቃል «ካኖን» ነው፤ የእኛው ቀኖና። (ንስሐ አባታችሁ የሚሰጧችሁን ስግደት ማለቴ አይደለም፤ የመጻሕፍቱን ቁጥር ነው።) ቃሉን ወደ ጨዋታ ካመጡት አንዱ ኋላ ቄስ የሆነው እንግሊዛዊው ሮናልድ ኖክስ ነው። በ1911 የሼርሎክ ሆምስን ታሪኮች ልክ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንት ቁምነገረኛ ሆኖ መረመራቸው። ቀልዱ ያነጣጠረው በሊቃውንቱ ላይ ነበር፤ አንባቢው ግን ቀልዱን ወስዶ የምር አደረገው።

እኔ በዚህ ሙግት ከማን ጋር እንደሆንኩ ልናገር። ከኮሚኩ ጋር ነኝ። ታሪክ ከቤቱ ሲወጣ መልኩ ይለወጣል፣ ሲለወጥም ያምርበታል። ሆኖም «አይደለም!» የሚለውን ግትሩን ተመልካች እወደዋለሁ፣ እሱ ባይኖር ሠዓሊው ማንን ይፈራል?

አንድ ወዳጄ ይህን ሳወራው ቡናውን አስቀምጦ «አንተ ደግሞ! አገር በስንቱ ተጨንቃ የመርከብ ጭስ ታወራለህ? የልጅ ነገር!» አለኝ። የተማርነው ሰዎች በሽታ ይህ ነው። ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ካየን የልጅ ነው፤ በክፍል የሚቀጥል ታሪክ ካየን የሥራ ፈት ነው። ይኸው ወዳጄ ሳሎኑ ውስጥ ከሶፋው በላይ ምን ሰቅሏል መሰላችሁ? የንግሥተ ሳባን ታሪክ። በቸርችል ጎዳና የቱሪስት ዕቃ መሸጫዎች የምታዩትን፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለ፣ ብዙውን ጊዜ 44 ሥዕል ያለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተነበበ የሚወርድ። ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አለው። ታዲያ ኮሚክ ሌላ ምንድን ነው?

ያውም ከሌላ ሥራ የተወለደ ኮሚክ! ዋናው መጽሐፍ ክብረ ነገሥት ነው። ሠዓሊዎቻችን ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ሕዝቡ ከሚገብርለት ዘንዶና ከገዳዩ ነው። ዘንዶው ክብረ ነገሥት ውስጥ የለም። ከአፍ ትረካ ወስደው ጨመሩት፤ ማንም «ቀኖና ጣሳችሁ» አላላቸውም። በነገራችን ላይ፣ እምነቱን ለባለቤቶቹ ትቼ ስለ ትረካው ብቻ ላውራ፦ ክብረ ነገሥት ውስጥ ሰሎሞን ለንግሥቲቱ በአየር ላይ የምትሄድ መርከብ ሰጣት ተብሎ ተጽፏል። የቀዳማዊ ምኒልክ ሠረገሎችም ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ብለው የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሄደዋል። ያለ ጭስ። የጂዮሊቲ መርከብ ብታፍር ይሻላታል።

ከዚያስ ወዲህ? «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ደግሞ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጉዱ ካሣን በድምፁ ለየው። «እውነተኛው የትኛው ነው፣ የሀዲስ ዓለማየሁ ወይስ የወጋየሁ?» በሚለው ስንት ቡና ቀዝቅዟል! እኔ በበኩሌ ዛሬም ገጹን ሳነብ የሚሰማኝ የወጋየሁ ጉሮሮ ነው። እንግዲህ ጭቅጭቁን ከፈረንጅ አልተዋስነውም። ነበረን።

አሁን ወደ ቁጭቴ ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ብስራት ደበበ ባቋቋመው ኢታን ኮሚክስ አማካይነት «ጀምበር» የተሰኘ የልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚታወቅ ሰው ከየት ይመጣል? በየቤታችን አንድ አንድ አለን። ቀጥሎ «ሀዊ» የምትባል ጀግና መጣች። ከቴሌቪዥን በኩል ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ ይዘው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በ2006 ጀመሩ። ከፕሮግራሙ የተወለዱ መጻሕፍትም ተከተሉ። ከዚያ «ጥበብ ገርልስ» መጣ፤ ፍቅር፣ ፍትሕና ጥበብ የሚባሉ ሦስት ባለ ልዩ ኃይል ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰለውን ጎጂ ልማድ ሲዋጉ የሚታዩበት፣ አኒሜሽንም ኮሚክም የሆነ ሥራ።

እኛስ ምን አደረግን? አጨበጨብን።

የጭብጨባችንን ቋንቋ ታውቁታላችሁ። «ፈር ቀዳጅ»፣ «ይበል የሚያሰኝ»፣ «ሊበረታታ የሚገባው ጅምር»። መጽሐፍ ሲመረቅ አዳራሽ ይያዛል፣ የክብር እንግዳ ይጠራል፣ ኬክ ይቆረሳል። የክብር እንግዳው ሽፋኑን እያገላበጡ ስለ ንባብ ባህል ያወራሉ። ከዚያ ፎቶ ይነሣሉ። ከዚያ ሁላችንም ወደየቤታችን። ነገ ከዚያ አዳራሽ አንድ ሰው ተነሥቶ «ገጽ 12 ላይ የሣልከው ሚኒባስ ታክሲ በሩ በተሳሳተ በኩል ነው!» ይለዋል? አይለውም። ምክንያቱም ለማለት ማንበብ ያስፈልጋል። «ሊበረታታ ይገባል» ለማለት ግን ርዕሱን መስማት ይበቃል።

ሁለተኛው ጥፋታችን «መልእክቱ ምንድን ነው?» የምትለው ጥያቄ ናት። ኮሚክ ሲሆን ትብሳለች። የልጅ ነው ብለን የደመደምን ጊዜ ትምህርት ካልሰጠ አንቀበለውም፤ ትምህርት ከሰጠ ደግሞ ሌላ አንጠይቀውም። ሥዕሉ ሕይወት አለው? ክፉው ሰው የምር ያስፈራል? ልጁ ገጹን ሲገልጥ ልቡ ይመታል? እነዚህን የሚጠይቅ ጠፋ። ክኒን ይመስል «ለምን ይጠቅማል?» ብቻ።

«ገና ጨቅላ ሥራ ነው፣ ብንተቸው ይሞታል» የሚሉኝ አሉ። ቅንነታቸው ይገባኛል። ማሳተም ውድ ነው፣ ወረቀቱ ውድ ነው፣ አከፋፋይ የለም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ላይ ስድብ ሲጨመር ማን ይችላል? ነገር ግን እስቲ ስታር ትሬክን ተመልከቱ። ከ1967 ወደ 1968 በተሻገረው ክረምት ጣቢያው ሊያቋርጠው ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ተመልካቹ በደብዳቤ አጥለቀለቀው፤ ሦስተኛው ዓመት ተገኘ። ደብዳቤውን የጻፉት እነማን ናቸው? እያንዳንዷን ክፍል ሲተቹና ሲጨቃጨቁ የኖሩት ናቸው። ያጨበጨበ ሰውማ ሲቋረጥ «ያሳዝናል» ብሎ ሌላ ጣቢያ ይከፍታል። ልጆቻችን ስለ ቤን ቴን ግራ እጅ የሚሟገቱት፣ ስለ ጀምበር ግን የማይሟገቱት ስለማይወዱት ይመስላችኋል? ሾላ ተዘዋውሬ ጀምበር ያለበት ቦርሳ አላየሁም። አስመስሎ የሠራው እንኳን የለም! አስመሳይ ያጣ ጀግና ምኑን ጀግና ሆነ?

እርግጥ አንድ ፍርሃት አለ፣ እሱን አልክድም። እኛ ዘንድ ሙግት ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ደራሲው አያት ለመሄድ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ስለ ሀዊ ሥዕል ልጠይቅ ብላችሁ አፋችሁን ስትከፍቱ አንዱ ስለ ስሟ ቋንቋ ይጀምራል፤ ሌላው ይመልሳል፤ በቃ፣ ኮሚኩ ተዘጋ። በዚህ የተነሣ ጨዋው ሰው ዝም ማለትን መርጧል፤ ዝም ሲል ሜዳውን ለእነዚያው ለቀቀላቸው። የስታር ትሬክ ወዳጆች የተቆጡት በእሳቱ ነው እንጂ በሠዓሊው ጣሊያንነት አይደለም። ስለ እሳቱ መቆጣት የማይችል ሕዝብ ስለ ሠዓሊው ዘር መቆጣቱ አይቀርም፤ ቁጣው መግቢያ ይፈልጋላ!

እንግዲያው ሌላ ከጠፋ እኔው ልጀምር። ወይዘሮ ብሩክታዊት፣ ሥራዎትን አከብራለሁ፤ ግን ልጅቷን «ፍትሕ» ብለው ከሰየሟት በኋላ እንዴት ልትሳሳት ትችላለች? ስሟ እስር ቤቷ ሆነ። ይህ የድሮ አመላችን ነው፤ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ«ወዳጄ ልቤ» እንዲህ ሰውን በባሕርይ ስም ጠርተውታል። ለስብከት ያመቻል፣ ለተከታታይ ታሪክ ግን አንገት ያንቃል። እስቲ አንድ ቀን ፍትሕ ታዳላ፤ የጓደኛዋን ጥፋት ትሸፍን፤ ጥበብ ትሞኝ፤ ሦስቱ ተኳርፈው አንድ ሙሉ ዕትም ይለፍ። ያኔ የአሥር ዓመቷ አንባቢ የሚቀጥለውን ሳታይ አትተኛም።

አቶ ብስራትም፣ አንድ ጥያቄ አለችኝ። አማኑኤል ኃይሉን ካገኘ በኋላ ሥራ ፍለጋውን ይቀጥላል ወይስ ይተዋል? ቀላል ነገር አይደለም። ክፉ ሰው መደብደብ ደሞዝ የለውም፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ሸረሪት ሰውዬው እንኳ ፎቶ አንሥቶ ለጋዜጣ ይሸጥ ነበር። የእኛው ምሩቅ ቀን ቀን ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ እያስደረገ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «የሥራ ልምድ 3 ዓመት» የሚለውን እያነበበ፣ ማታ ከተማ ሲያድን ማየት እፈልጋለሁ። ይህን ችላ ያለ ዕትም ካገኘሁ በስሜ ፈርሜ እሰድበዋለሁ። ይቆጡኝ፤ መልሱን በሥዕል ቢልኩልኝ ደግሞ ደስታዬ ነው።