«ተርፏል» ብሎ መሸኘት ይብቃ!

ከጣና ወይም ከዓባይ በሕይወት የወጣ ሰው ምን እንደሚደረግለት ይታወቃል። ውኃውን ያስተፉታል፣ በጋቢ ይጠቀልሉታል፣ «እግዜር አተረፈህ» ይሉታል። ጤና ተቋም ቢደርስም ትንፋሹ ከተስተካከለ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሰባታሚትም ይሁን ዘጌ፣ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል። ሁልጊዜ ግን አያበቃም።

በቆመና በተበከለ ውኃ፣ በጭቃና በፍሳሽ ዝቃጭ ውስጥ ሴዶስፖሪየም የሚባል ፈንገስ ይኖራል። ሰው ሲሰምጥ ውኃውን ከነጭቃው ወደ ሳንባው ይስባል። ፈንገሱ ከሳንባ በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ያኔ ብዙዎችን ይገድላል። ክፋቱ ጊዜው ላይ ነው። ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከተረፉት መካከል በዚሁ ፈንገስ የተያዙ ነበሩ።

በእኛ አገር ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ታይፎይድ ወይም ወባ ይባላል። ሳንባ ላይ ጥላ ሲታይ ቲቢ ይባላል። የሚበዙት እነሱ ናቸውና ሐኪሙ ከእነሱ መጀመሩ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው መድኃኒቱ አልሠራ ሲል እንኳ «ባለፉት ወራት ውኃ ወስዶህ ነበር?» ብሎ አለመጠየቅ ነው።

ፈንገስ መሆኑ ከታወቀ በኋላም የትኛው እንደሆነ መለየት ግድ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አስፐርጊለስ ከሚባለው ጋር ይምታታል፤ በደንብ የሚለየው ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ ሲበቅል ነው። በመተማና በሁመራ ለካላዛር ሕክምና የሚታወቀው አምፎቴሪሲን ቢ ይህን ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ አያሸንፈውም። ቀዳሚው መድኃኒት ቮሪኮናዞል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2017 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2022 ደግሞ ሴዶስፖሪየምን ትኩረት ከሚሹ ፈንገሶች ተርታ መድቦታል።

«ስንት ችግር እያለ ስለ ብርቅ በሽታ?» የሚል አይጠፋም። ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። ግን ያልተፈለገ በሽታ አይገኝም፣ ያልተገኘም አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ደግሞ በጀት አያገኝም። «እኛ ጋ የለም» የሚባለውም በዚሁ መንገድ ነው።

ደግሞም የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ከውኃ የወጣ ሰው ሲሸኝ ቀኑና የሰመጠበት ቦታ የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠው፤ «ትኩሳት፣ ሳል፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ ይህን ይዘህ ተመለስ» የሚል። ሁለተኛ፣ ሕሙማን የሚላኩላቸው ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ፈንገስ የሚያበቅል ላቦራቶሪና መድኃኒቱ እንዳይጎድላቸው የክልሉ ጤና ቢሮ ኃላፊነት ይውሰድ። ሦስተኛ፣ የባሕር ዳር ፍሳሽ ሳይጣራ ሐይቁና ወንዙ ውስጥ መግባቱ ይቁም። ስለ እምቦጭ ሲጮህ የኖረ ከተማ፣ ጣናን ስለሚያቆሽሸው የራሱ ቱቦ ዝም ሊል አይገባም።

የሰባታሚት ወላጅ ግን ይህ ሁሉ እስኪሆን አይጠብቅ። ልጁ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ቢታመም፣ ሳይጠየቅም ቢሆን ለሐኪሙ «ይህን ልጅ ውኃ ወስዶት ነበር» ብሎ ይንገር።