ጓዳህን አደባባይ አታውጣ! የብሮውዘር ፕሮፋይልህን ለይ!

ወገኔ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ሰልፍ አይደለም፤ ስለ መግለጫም አይደለም። ስለ ክሮም ነው። «ደግሞ ይሄ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው!» ብለህ እንዳታልፈኝ። እስከ መጨረሻው አንብበኝ፣ ከዚያ ስደበኝ።

እስቲ ልጠይቅህ። የጎረቤት ልጅ «አሳይመንት ልላክበት፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ላፕቶፕህን ቢወስድ ምን ያያል? ጂሜይልህ ክፍት ነው። ፌስቡክህ ክፍት ነው። የምታስተዳድረው ፔጅ ኢንቦክስ ክፍት ነው። ዩቲዩብ ማታ ስታይ ያመሸኸውን ደርድሮ ይጠብቀዋል። አድራሻ መጻፊያው ላይ አንዲት ፊደል ሲነካ ትናንት የፈለግከው ሁሉ ዝርግፍ ይላል። ሲቪህ፣ ትግልህ፣ ፍቅርህ፣ የቤተሰብህ ጉዳይ፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት!

«የምደብቀው ነገር የለኝም» ትለኛለህ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ምን እንደደረሰ ልንገርህ።

ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ዲግሪዬን እናቴ በፍሬም አድርጋ ሳሎን ሰቅላዋለች። ሥራ ግን የለም። የራሴ ላፕቶፕ ስላልነበረኝ የማመለክተው ከኢንተርኔት ቤት ነበር። አንድ ቀን ሲቪዬን ልልክ ክሮም ከፍቼ በጂሜይሌ ገባሁ። ሲንክ ይብራ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ሳላነብ እሺ አልኩት። ሲንክ ማለት ሌላ ቦታ ያስቀመጥካቸው ፓስወርዶችና ቡክማርኮች ተከትለውህ አንተ ወደተቀመጥክበት ኮምፒውተር ይመጣሉ ማለት ነው። ሲቪዬን ላኩ። በዚያው ከጓደኞቼ ጋር የማስተዳድራትን ትንሽ ፔጅ ገባ ብዬ አየኋት። ሰዓቴ አለቀ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። መስኮቱን ዘጋሁት እንጂ ከአካውንቱ አልወጣሁም።

ኢንቦክሱ ውስጥ የአንዲት እህት መልእክት ነበር። አለቃዋ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚያደርስባትን ጽፋልናለች። «ስሜ እንዳይወጣ፣ አደራ» ብላለች። ከእኔ በኋላ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ፌስቡክ ሲል በእኔ ስም ተከፈተለት። አነበበው። በስልኩ ፎቶ አነሳው። በሁለተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው እሱኑ ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚመልሰው አልነበረም። እህታችን ሥራዋን ለቀቀች። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ካየችኝ ፊቷን ታዞራለች። ልክ ናት።

አየህ? የምደብቀው ነገር እኮ ነበረኝ። የእኔ አልነበረም እንጂ። የሰው አደራ ነበር።

ስለዚህ «የምደብቀው የለኝም» የሚለውን ፉከራ ተወው። ስልክህ ውስጥ የእናትህ ፎቶ አለ። ጂሜይልህ ውስጥ የወንድምህ መታወቂያ ቅጂ አለ። ኢንቦክስህ ውስጥ አምኖህ የጻፈ ሰው አለ። አንተ ደረትህን ነፍተህ «ይምጡ!» ስትል የምታጋልጠው እነሱን ነው። ቤትህን ሳትዘጋ ሰውን ሌባ አትበል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ደግሞ በራችንን ወለል አድርገን ከፍተን ስናበቃ በየቀኑ «ሃክ ተደረግን!» የሚል ፖስት እንለጥፋለን። የቱ ሃክ? ማንም ሃክ አላደረገህም። ክፍት ትተኸው ነው የሄድከው!

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አንድ ድረ ገጽ ስትገባ አንተን የሚያውቅበት ትንሽ ማስታወሻ ብሮውዘርህ ውስጥ ያስቀምጣል። ኩኪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሉ ሞንቱሊ የተባለ የኔትስኬፕ ፕሮግራመር ነው የፈጠረው። ዕቃ አስቀምጠህ ስትሄድ የሚሰጥህን የቁጥር ካርድ አስብ፤ ተመልሰህ ስትመጣ ካርዱን ታሳያለህ፣ ያውቁሃል። ፌስቡክ በየጊዜው ፓስወርድ የማይጠይቅህ ለዚህ ነው። ችግሩ የፌስቡክና የጎግል መከታተያ ኮድ በሺዎች በሚቆጠሩ ሌሎች ገጾች ላይም መተከሉ ነው። ሁሉም ካርድ በአንድ ከረጢት ከሆነ ጠዋት ሥራ የፈለግከው፣ ቀን ዜና ያነበብከው፣ ማታ ስለ በሽታ የጠየቅከው አንድ ሰው መሆንህ ይገጣጠማል።

ፕሮፋይል ማለት ሌላ ከረጢት ማለት ነው። በቃ። የራሱ ኩኪ፣ የራሱ ሂስትሪ፣ የራሱ ፓስወርድ፣ የራሱ ቡክማርክ፣ የራሱ ኤክስቴንሽን አለው። ክሮም ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኤጅም አለው፣ ፋየርፎክስም አለው፣ የአፕሉ ሳፋሪም በ2023 አምጥቶታል። ብር አይከፈልበትም። ክሮም ላይ ከላይ በስተቀኝ ጥግ ያለችውን ክብ ምልክት ንካ፣ አዲስ ፕሮፋይል ጨምር፣ ስምና ቀለም ስጠው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የእኔ ሦስት ናቸው።

1. አረንጓዴው የሥራ ነው። ሙሉ ስሜ ያለበት ጂሜይል፣ ሲቪ፣ የሥራ ማስታወቂያዎች፣ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኮርስ። ሌላ ምንም የለበትም። አንዴ የሥራ ማመልከቻ ፎርም በፔጃችን ጂሜይል ሞልቼ ልኬ አውቃለሁ። ቀጣሪው «አመልካች» ብሎ ያየው የፔጃችንን ስም ነው። ስልኬ ስላለመጮሁ ብዙ አልገረመኝም።

2. ሰማያዊው የግል ነው። ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ ሙዚቃ፣ ኳስ፣ ቀልድ።

3. ቀዩ የፔጅ ነው። ፌስቡክ በአንድ አካውንት ውስጥ አንዴ በራስህ ስም፣ አንዴ በፔጁ ስም እንድትሆን ያደርግሃል። ብዙ ጉድ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። በራስህ ስም የቀለድክ መስሎህ በፔጁ ስም ትለጥፋለህ፤ ስታጠፋው ስክሪንሾቱ ዞሮ አልቋል። እኔ ቀዩ ውስጥ ሁልጊዜ በፔጁ ስም ነኝ፣ ሰማያዊው ውስጥ ሁልጊዜ በራሴ ስም ነኝ። መስኮቱ ቀይ ሆኖ ሳየው «እዚህ የምትጽፈው በብዙ ሰው ስም ነው፣ ቆም በል» ይለኛል። ቀልድ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ከንዴት አድኖኛል።

አሁን የሚነሳብኝን አውቃለሁ። አንድ ወንድሜ ይህን ስነግረው ምን አለኝ? «አንተ ሁለት ፊት ልትይዝ ነው እንዴ? አቋምህን ታፍርበታለህ?» አቦ ተው! አባትህ ለቅሶ ቤት በሰርግ ልብሱ ይሄዳል? እናትህ እንግዳ የምትቀበለው ማጀት ውስጥ ነው? ሳሎንና ጓዳ ያለው ቤት ውሸታም ቤት አይደለም፤ ወግ ያለው ቤት ነው። አቋም ያለው ሰው ሁሉንም ነገር በሁሉም ቦታ የሚዘረግፍ ሰው አይደለም። ምን የት እንደሚባል የሚያውቅ ነው። ቀጣሪ ፊት ቀርበህ ስክሪን ሼር ስታደርግ የማታው ክርክርህ በታብ ተደርድሮ ቢታይ ትግሉ ምን አተረፈ? ወላ ሥራ አላገኘህ፣ ወላ ሰው አላሳመንክ።

ሌላው ደግሞ «እኔ ኢንኮግኒቶ እጠቀማለሁ፣ አይመለከተኝም» ይላል። ወንድሜ፣ ኢንኮግኒቶ ሂስትሪህን ከራስህ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያጠፋው። የምትገባበት ድረ ገጽ ያይሃል፤ የመሥሪያ ቤቱ ወይም የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክም የት የት እንደገባህ ማወቅ ይችላል። ጎግል ራሱ በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሶ፣ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል። ሰዎች ኢንኮግኒቶ ውስጥ ሆነው ያደረጉት ሲሰበሰብ ስለነበር ነው። ደግሞም በዘጋኸው ቁጥር ሁሉም ስለሚጠፋ ለየቀን ሥራ አይሆንም፤ ሲሰለችህ ወደ ድሮው ከረጢት ትመለሳለህ።

እውነቱን ሁሉ ልንገርህ እንጂ፣ ፕሮፋይልም ተአምር አይደለም። አንደኛ፣ ቁልፍ የለውም። ላፕቶፕህ ላይ የተቀመጠ ሰው አረንጓዴውንም ቀዩንም ጠቅ አድርጎ ይከፍታል። ቁልፉ የዊንዶውስህ ፓስወርድ ነው፤ እሱን አድርግ፣ ስትነሳ ቆልፍ። ለሰው ስታውስ ደግሞ ሌላ የዊንዶውስ አካውንት ክፈትለት። ሁለተኛ፣ የምትወጣበት መስመር ያው አንድ ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም፣ ሦስቱም ፕሮፋይሎች በአንድ አድራሻ ነው የሚወጡት። ሦስተኛ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሦስቱን አንዴ ከከፈትክ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፤ የማትሠራበትን ዝጋው።

አራተኛውን በተለይ ለራሳችን ልጆች ነው የምለው። ፕሮፋይል ጭምብል አይደለም! «አሁን ሌላ ፕሮፋይል ላይ ነኝ፣ ማንም አያውቀኝም» ብሎ በፌክ አካውንት የሰው እናት ሊሳደብ የሚፈልግ ካለ ይህን ጽሑፍ ለእሱ አልጻፍኩትም። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የብሮውዘርህን ቀለም አይጠይቅም። ከአዋጁ በፊት ደግሞ ነውር የሚባል ነገር አለ። በስምህ ማለት የማትችለውን ያለ ስምህም አትበለው። ፕሮፋይል የምንለየው አደራን ለመጠበቅ እንጂ ተደብቆ ለመንከስ አይደለም።

«እኔ ላፕቶፕ የለኝም» የምትለው፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አልነበረኝም። አንድሮይድ ላይ ክሮም እንደ ኮምፒውተሩ ፕሮፋይል የለውም። ግን ሁለት ብሮውዘር መጫን ማን ከለከለህ? ክሮም ለሥራ፣ ፋየርፎክስ ለፔጅ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሳምሰንግ ከያዝክ ሴኪውር ፎልደር የሚባል በራሱ ቁልፍ የሚዘጋ ክፍል ብዙዎቹ ስልኮች ላይ አለ። ኢንተርኔት ቤት የምትገባ ከሆነ ደግሞ በስምህ አትግባ፤ ያችኑ ክብ ምልክት ነክተህ ገስት የሚለውን ምረጥ። ስትጨርስ መስኮቱን ስትዘጋ ኩኪውም ሂስትሪውም ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። የምትጽፈውን የሚቀዳ ፕሮግራም ተጭኖ ከሆነ ግን ገስትም አያድንህም፤ ስለዚህ የፔጅ ፓስወርድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በጭራሽ አትጻፍ። ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ያቺ እህት ዛሬ ሥራዋ ላይ ትሆን ነበር።

አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። ጥሩ ነው። ሌላው ሲበድለን አዋጁን እንጠቅሳለን። እኛ ራሳችን የሰው መልእክት ክፍት ትተን ስንሄድስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። «ሕዝብ ይመነን» እያልን በየቀኑ የምንለፍፍ ወጣቶች የአንድን ሰው ኢንቦክስ መጠበቅ ካቃተን ማን ምን አምኖ ይስጠን?

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ነገ ሳትል፣ እነዚህን አድርግ፦

አንድ፦ ጎግል አካውንትህ ውስጥ ሴኪውሪቲ የሚለው ጋ ግባና የገባህባቸውን ዕቃዎች ዝርዝር እይ። የማታውቀው ወይም የረሳኸው ኮምፒውተር ካለ ከዚያው ሆነህ አስወጣው። ፌስቡክም ላይ እንዲሁ አድርግ።

ሁለት፦ ሁለት ፕሮፋይል ክፈት። ለመነሻ ሥራና የግል ይበቃል፤ ፔጅ የምታስተዳድር ከሆነ ሦስተኛ ጨምር።

ሦስት፦ አድሚን ከሆንክ ከሌሎቹ አድሚኖች ጋር ተቀመጥና ኢንቦክሱን ማን፣ ከየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚከፍት ተነጋገሩ። ኢንተርኔት ቤት የሚከፍት ካለ ዛሬውኑ ይቁም።

አራት፦ አደራ ብሎ የጻፈልህ ሰው መልእክት ጉዳዩ ካለቀ አጥፋው። የሌለ ነገር አይሾልክም።

እህቴ፣ አንቺም ይህን የምታነቢው፣ ላፕቶፕሽን ወንድምሽም የአክስትሽ ልጅም የሚጠቀምበት ከሆነ ከማንም በፊት አንቺ አድርጊው።

ያደረጋችሁ ኮሜንት ላይ «ለይቻለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ያልገባችሁም ጠይቁ፤ ሥራ ፈት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ሼር አድርጉት፤ በተለይ ፔጅ ለሚያስተዳድር ጓደኛችሁ።