ዕቅዱ ቢሳካስ?

በ1994 ዓ.ም የምዕራብ ጎጃም ገበሬ የተባለውን ሁሉ አድርጎ ነበር። ምርጥ ዘር ግዛ ሲባል ገዛ። ማዳበሪያ በብድር ውሰድ ሲባል ወሰደ። በመስመር ዝራ ሲባል ዘራ። ዝናቡም አላሳፈረውም። ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ እስከ ቡሬ፣ ዓባይን ተሻግሮም እስከ ወለጋ፣ በቆሎው ሰው የሚሰውር ሆኖ ቆመ። ከዚያ ዋጋው ተሰበረ። በብዙ ገበያ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ለመሰብሰቢያና ለማጓጓዣ የሚወጣው ብር ከሽያጩ የበለጠበት ገበሬ በቆሎውን ማሳ ላይ ትቶት ሄደ። የማዳበሪያው ዕዳ ግን ማሳ ላይ አልቀረም። ቤቱ ድረስ መጣ።

በቀጣዩ ክረምት ገበሬው ማንም ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ማዳበሪያውን ቀነሰ፣ ምርጥ ዘሩን ተወ። በዚያው ክረምት በብዙው የሀገሪቱ ክፍል ዝናቡ ከዳ። በ1995 ዓ.ም ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ድርቁን ገበሬው አላመጣውም፤ የዋጋው መውደቅም ብቻውን ረሃብ አልሆነም። ነገር ግን ድርቁ የደረሰው ትርፍ አምራች በሚባለው አካባቢ ገበሬው ከተጎዳ፣ እህል ነጋዴው ከከሰረና ማሳው ከሳሳ በኋላ ነው።

እኔ ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ታሪኩን የማውቀው ከአጎቴ ነው። ጃቢ ጠህናን ውስጥ ያርሳሉ። ያን ዓመት አንዱን በሬያቸውን ሸጠው ዕዳቸውን ከፈሉ። «ጋሼ፣ ያ ዓመት እንዴት ነበር?» ስላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ጥጋብ ነበር ልጄ። ያስራበን ጥጋቡ ነው።»

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በእኛ ሙያ አንድ ፕሮግራም ተጠቃሚ በማጣቱ ሳይሆን ተጠቃሚ ስለበዛለት ከወደቀ፣ ጥፋቱን ተጠቃሚው ላይ አናላክክም። ዲዛይኑ ተሳስቷል እንላለን። የ1994ቱም እንደዚያ ነው። ዕቅዱ ከማዳበሪያ ወደ ምርት የሚሄድ ቀስት ነበረው። ከምርት ወደ ዋጋ፣ ከዋጋ ደግሞ ወደ ቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ የሚመለሰው ቀስት ግን ቦታ አልነበረውም። ባይሳካ ምን እናደርጋለን የሚለው ታስቦበት ይሆናል፤ ቢሳካስ የሚለው ግን አልታሰበበትም። ክርክሬም ይኸው ነው፦ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተን ዛሬም የልማትና የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ የምናወጣው ያንኑ የመልስ ቀስት ቆርጠን ጥለን ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ በሰነዱ ውስጥ የሌለው ሰው ነው።

ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘ የምርምር ዘርፍ አለ፤ ሲስተም አናሊሲስ ይባላል፣ የሥርዓት ትንተና ብንለውም ያስኬዳል። ሐሳቡን እንጀራ የጋገረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምጣዱ አልግል ሲል ማገዶ ትጨምራለህ፤ ሙቀቱ ግን ወዲያው አይደርስም። አሁንም ቀዝቅዞ ስታገኘው ደግመህ ትጨምራለህ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይደርስና እንጀራው ያራል። የተሳሳትከው ማገዶ በመጨመርህ አይደለም፤ በጨመርከውና ውጤቱ በሚታይህ መካከል ያለውን መዘግየት ስላልቆጠርክ ነው።

ጄይ ፎረስተር የተባለ የኤምአይቲ ኢንጂነር ይህንኑ መጀመሪያ በፋብሪካ ክምችት፣ ቀጥሎ በከተማ፣ ከዚያም በመላው ዓለም ላይ ሞከረው። የእሱን መንገድ የተከተሉት እነ ዶኔላ ሜዶውስ በ1972 እ.ኤ.አ. «የዕድገት ወሰኖች» በሚለው መጽሐፋቸው ሕዝብን፣ ምግብን፣ ኢንዱስትሪን፣ ብክለትንና የተፈጥሮ ሀብትን በአንድ የኮምፒውተር ሞዴል አስተሳስረው እስከ 2100 አስኬዱት። በዚያው ዓመት፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል፣ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት የተካተቱበት የ12 ሀገሮች ስብስብ ለዚሁ ምርምር ዓለም አቀፍ ተቋም መሠረተ። መቀመጫው ቪየና አጠገብ ላክሰንበርግ ነው። ከ12ቱ መሥራቾች አንድም የአፍሪካ ሀገር አልነበረበትም።

ማን ጠየቀ የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። አርጀንቲና ውስጥ በባሪሎቼ ፋውንዴሽን የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በ1976 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የዓለም ሞዴል ይዘው መጡ። ሀብቱ መቼ ያልቃል ብለው አልጀመሩም፤ ለሁሉም ሰው ምግብ፣ መጠለያ፣ ትምህርትና ጤና ለማዳረስ ምን ያስፈልጋል ብለው ጀመሩ። ድምዳሜያቸው ዋናው ወሰን ያለው በተፈጥሮ ላይ ሳይሆን በኅብረተሰቡ አደረጃጀትና በሥልጣን ክፍፍል ላይ ነው የሚል ነበር። እነሱም በኮምፒውተር ነው ያሰሉት። የተለወጠው ጠያቂው ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በ2004 ዓ.ም ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰነድ የነበረው ደሃ ሀገር ጥቂት ነው። በነበረው መንገድ ከተሄደ የሀገሪቱ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት በ2010 እ.ኤ.አ. ከነበረው 150 ሚሊዮን ቶን በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን ያድጋል፤ ስለዚህ ኢኮኖሚው እያደገ ልቀቱ እዚያው 150 ላይ ይቆይ ይላል። መንገዱ ከ60 በላይ እርምጃዎች ናቸው። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው፤ በዋናነት እያንዳንዱ እርምጃ ይህን ያህል ቶን ይቀንሳል ተብሎ ተሰላ፣ ከዚያ ተደመረ። ድምር ግን ሥርዓት አይደለም። አንዱ እርምጃ ሲሳካ ሌላውን ይገፋል፣ ወይም ይጎትታል።

እስኪ ጎጃም ላይ አውርደን እንየው። አንድ ገበሬ አራት ጥማድ መሬት አለው። የግብርናው ዕቅድ ከዚያ ላይ ኩንታል ይጠብቃል። በመጀመሪያ ዙር ከተጀመሩት አራት የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ የሆነው የቡሬው ፓርክ ጥሬ ዕቃ ይጠብቃል። አረንጓዴ አሻራ ችግኝ ይጠብቃል። የካርቦን ሒሳቡ የልቀት ቅነሳ ይጠብቃል። አራቱም ዕቅዶች ለየብቻ ሲታዩ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መሬቱ ግን ያው አራት ጥማድ ነው፤ አራት ጊዜ ተቆጥሯል።

አፈሩን ደግሞ እዩት። ለብዙ ዓመታት ምክሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነበር፤ በሄክታር 1 ኩንታል ዳፕ፣ 1 ኩንታል ዩሪያ። ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ደጋ ውኃው ካልሲየሙን እያጠበ ይወስዳል፤ ገበሬው አገዳውንና ገለባውንም ለከብትና ለማገዶ ከማሳው ያነሳል፤ ዩሪያና ዳፕ ራሳቸው አፈሩ ውስጥ ሲለወጡ አሲድ ይጨምራሉ። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚኒየምና ብረቱ ፎስፈረሱን ይዘው አይለቁም፤ ተክሉ አጠገቡ ያለውን ምግብ ሳያገኝ ይራባል። ምርት ይቀንሳል። ምርት ሲቀንስ ምክሩ ምንድን ነው? ማዳበሪያ ጨምር። ምጣዱን አስታውሱ።

መፍትሔው ኖራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ግን ኖራ በሄክታር በቶን የሚቆጠር ሸክም ነው፤ ጥቅሙም ለዓመታት እየተከፋፈለ ነው የሚመጣው። የማዳበሪያ ብድር በአንድ ምርት ዘመን ይመለሳል፣ መሬት የተከራየ ሰውም ነገ እዚያው ማሳ ላይ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ «ገበሬው ግንዛቤ ስለሌለው ኖራ አይጠቀምም» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ገበሬው በደንብ አስልቷል። ያላሰላው የአንድ ዓመት ብድር ለብዙ ዓመት ችግር ያቀረበው ሰው ነው። የአፈር ካርታ የሠሩትን አመሰግናለሁ፤ ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የየወረዳውን አፈር ለክቶ አንዱ ምክር ለሁሉም እንደማይሆን ያሳየው ሥራ ትልቅ ነው። ግን ካርታው በወረዳ ተለይቶ፣ ማዳበሪያው ከውጭ በአንድ ማዕከል ተገዝቶ፣ የዘር ወቅት በራፍ ላይ ሆኖ የሚመጣ ከሆነ፣ ዕውቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን አጎቴ ከማሳቸው ግማሹን ባሕር ዛፍ አድርገውታል። ለምን አልኳቸው። «መሬቱ ኮመጠጠ። ማዳበሪያው ተወደደ። ልጆቹ ከተማ ገቡ፣ ማን ያርማል? ባሕር ዛፍ ዕዳ አያስገባኝም። ዋጋ ቢወድቅም ቆሞ ይጠብቀኛል።»

ልብ አድርጉ፤ ይህ ለ1994 የተሰጠ መልስ ነው። በቆሎ ዋጋ እስኪመለስ መጠበቅ አይችልም፣ ዛፍ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ፣ ዓለም ሁሉ ጻፈው። የጎጃም ባሕር ዛፍ ግን ያለ ዘመቻ፣ ያለ ቲሸርት፣ ያለ ካሜራ ነው ኮረብታውን ያለበሰው። ችግኝ መትከልን አልቃወምም። የምቃወመው የተተከለውን እየቆጠሩ፣ ገበሬው ሳይለመን የሚተክልበትን ምክንያት አለመቁጠርን ነው።

ገበሬውንም ቅዱስ አላደርገውም። የባሕር ዛፉ ሥር የጎረቤትን ማሳ ይሻማል፣ የምንጩንም ውኃ ይጠጣል፤ ያ ጉዳት በአጎቴ ሒሳብ ውስጥ የለም። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ እንጅባራን አልፎ በአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ለከሰል እየተከሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሀሉ ጤፍ እየዘሩ፣ ማንም ያላቀደላቸውን ኢኮኖሚ ፈጠሩ። እጅግ የሚደነቅ ነበር። ግን ኮረብታው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆነ፣ በቅርብ ዓመታት የዝገት ፈንገስ ገባና አደረቀው። አንድ ገበሬ የራሱን ማሳ ያያል፣ ወረዳውን በሙሉ ግን አያይም። ሞዴል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ለእሱ ለማዘዝ ሳይሆን ከማሳው የማይታየውን ለማሳየት።

የራሴንም ኃጢአት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት ዳሽቦርድ ሠርቻለሁ። የተሠራጨ ግብዓት በወረዳ፣ ግቡ ሲሞላ አረንጓዴ፣ ሲጎድል ቀይ። ቆንጆ ነበር። «ገበሬው ስንት ሸጠ፣ በስንት ሸጠ፣ ዘንድሮስ ደግሞ ወሰደ ወይ?» የሚል ዓምድ ልጨምር ብዬ ጠየቅሁ። ሪፖርቱ ላይ ስለሌለ አያስፈልግም ተባልኩ። አልተከራከርኩም፣ ክፍያዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ያ ስክሪን በ1994 ቢኖር ኖሮ ምዕራብ ጎጃም ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን በየቢሮው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይግባ እየተባለ ነው። የተቆረጠ ቀስት ላይ አስተውሎት ብትጨምርበት ስህተቱን ያፈጥነዋል እንጂ አያርመውም።

መረጃ የለም፣ ባለሙያ የለም፣ ሀገር በግልጽ ቁጥር ካልሆነ አይንቀሳቀስም የሚሉኝ አሉ። የመጨረሻው ክርክር እውነትነት አለው፤ ግልጽ ግብ ሰው ያስነሳል። ግን የ1994ቱም ግብ ግልጽ ነበር። መማር እንደምንችልም አይተናል። የእህል ገበያ ተመራማሪዋ እሌኒ ገብረመድኅን የመራችው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ያ የበቆሎ ዋጋ ውድቀት ነበር። የጠፋው ቀስት ታየ ማለት ነው። ቆይቶ ግን ገበያው በአብዛኛው የቡናና የሰሊጥ ሆነ። በቆሎው እንደገና ብቻውን ቀረ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ማንኛውም የምርት ግብ ሲታወጅ «ከተሳካ ዋጋው ምን ይሆናል፣ ማን ይገዛል፣ የት ይቀመጣል?» የሚለው አብሮ ይታወጅ። ችግኝ በተተከለበት ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ይቆጠር። ሞዴሉ፣ ኮዱና መረጃው ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ በአማርኛም ይጻፍ፤ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ላይ ካምፓስ አለው፣ ቀስቶቹን ከገበሬዎች ጋር ቁጭ ብሎ መሣል የሚጀመረው እዚያ ነው። እኛ ኮድ የምንጽፍ ልጆች ደግሞ የተከለከልነውን ዓምድ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንከራከርለት።

ባለፈው ስንገናኝ አጎቴ ዛፎቻቸውን እያዩ ጠየቁኝ፦ «ይኸው ሁሉም ተከለ። ሁሉም በአንድ ዓመት ልቁረጥ ያለ ዕለትስ? ያ ኮምፒውተርህ ይህን ያውቃል?»

ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ቁጥሩ ቢኖረኝ በአንድ ሳምንት እሠራው ነበር። ግን የአጎቴን ባሕር ዛፍ የቆጠረ ሰው የለም። አያውቅም፣ ጋሼ፣ አልኳቸው።