ለአሮጌ ሰርቨር «ቀለል ያለ» አንቲቫይረስ ከመፈለጋችሁ በፊት

«ቀለል ያለ አንቲቫይረስ ጠቁመኝ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይደርሰኛል። ላኪው ብዙውን ጊዜ በአንድ ማኅበር ወይም ትንሽ ቢሮ ውስጥ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ አይደል?» ተብሎ ሰርቨሩ የተጣለበት ወጣት ነው። ማሽኑ ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2፣ ራሙ 4 ጊጋባይት፤ ላዩ ላይ የሚሠራውን የአባላት መዝገብ የጻፈው ሰው ደግሞ ከሄደ ስንት ዓመቱ። ለመቀየር ገንዘብ የለም፤ ለመንካትም የሚደፍር የለም።

ችግሩ ይገባኛል። «ቀላል» የሚለው የመጀመሪያ መለኪያ መሆኑ ግን አይዋጥልኝም። እኔ የማስቀድመው ይህን ነው፦ ይህ አንቲቫይረስ በዚህ ሲስተም ላይ እስከ መቼ አዲስ የቫይረስ መለያ ያወርዳል?

ማይክሮሶፍት ለ2008 አር2 ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠውን የደህንነት አፕዴት ያቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። የ2012 እና የ2012 አር2 ደግሞ ኦክቶበር 10 ቀን 2023 አበቃ። አንቲቫይረስ ሠሪዎችም አሮጌ ሲስተሞችን አንድ በአንድ ይተዋሉ። ያኔ አዲሱ እትም አይጫንም። የቆየው እትም ከአንድ ቦታ ተፈልጎ ይጫናል፣ ምልክቱም አረንጓዴ ይሆናል፣ የመለያዎቹ ቀን ግን ባለበት ቆሞ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ ጨርሶ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ማንም ተማምኖበት አይተኛም። በኤፕሪል 2010 ክላምኤቪ 0.94ንና ከዚያ በፊት የነበሩ እትሞቹን በአፕዴት በኩል ሆን ብሎ ሥራ ሲያስቆም ብዙ የኢሜይል ሰርቨር አስተዳዳሪዎች ተቆጥተው ነበር። እኔ ግን ከአረንጓዴው ምልክት የበለጠ ሐቀኛ ነው እላለሁ።

ክላምኤቪን ካነሳን አይቀር፣ ነፃ ስለሆነ ብቻ ቀላል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጀርባ ሆኖ የሚሠራው ክፍሉ መለያዎቹን በሙሉ ራም ላይ ስለሚጭን ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ካላችሁ 4 ጊጋባይት ላይ ዳታቤዙም ድርሻውን ይፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ፋይል በተከፈተ ቁጥር እየተከታተለ አይፈትሽም። ስለዚህ ሌላ፣ አዲስ ማሽን ላይ ጭናችሁ የሰርቨሩን የጋራ ፎልደሮች ሌሊት ሌሊት ከውጭ ብታስፈትሹ ይሻላል። አሮጌው ማሽን ሸክሙ ይቀንስለታል።

«ከባድ ነው» ተብሎ የሚወገዘው አንቲቫይረስም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሚጻፍባቸውን የዳታቤዝ ፋይሎች ከፍተሻ ውጭ ያደረገ ሰው የለም፤ ሙሉ ፍተሻው የተቀጠረው ደግሞ ቢሮው በሰው በሚሞላበት ሰዓት ነው። ሁለቱን ካስተካከላችሁ በኋላ ለኩት።

ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። ዋናክራይ በሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ የገባው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነበር። ማንም ምንም ሊንክ መጫን አላስፈለገውም። መድፈኛው ኤምኤስ17-010 ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። አንቲቫይረስ የመጣውን ፋይል ሊይዝ ይችላል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። ስለዚህ በቅድሚያ ኤስኤምቢ 1ን ዝጉ። 2008 አር2 ኤስኤምቢ 2.1ን ስለሚያውቅ አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች አይቸገሩም፤ ስካን አድርጎ ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጥ አሮጌ ፕሪንተር ካላችሁ ግን ያኮርፋል። ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ፖርት 3389፣ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስበት አድርጉ። ሰርቨሩ ላይ ብሮውዘር ከፍቶ ኢሜይል ማየት ይቅር። ባክአፕ የሚቀመጥበት ዲስክ ሥራው ሲያልቅ ይነቀል፤ እንደተሰካ ከቀረ ራንሰምዌር አብሮ ይቆልፈዋል።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ አንቲቫይረሱን ምረጡ። የሠሪው ገጽ ላይ የእናንተን ሲስተም ስምና የድጋፍ ማብቂያ ቀኑን ፈልጉ፤ ቀኑንም ለአለቃችሁ በጽሑፍ ስጡት፣ ማሽኑን የመቀየር ወሬ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ቀን የማይናገር አቅራቢ ካጋጠማችሁ፣ «የሚወስደው 20 ሜጋባይት ብቻ ነው» ቢላችሁም እለፉት።