ቶርኖ ከመንካት በፊት ካሊፐር

6205 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ኩሽኔታ ከመለዋወጫ ሱቅ አይጠፋም። የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉን የሚያወጣው የቶርኖ ባለሙያ ግን «25» የሚለው ቁጥር ብቻውን አይበቃውም። ለእንዲህ ያለ ዘንግ በተለመደው፣ ኬ6 በሚባለው የልክ ደረጃ፣ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ የሚፈቀድለት ትርፍ ከ0.002 እስከ 0.015 ነው። ዘንጉ ከቀጠነ ኩሽኔታው ላዩ ላይ እየዞረ ይበላዋል፤ ከወፈረ ኩሽኔታው ተወጥሮ ይግላል።

ስለዚህ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና መለካት እንደ መግቢያ ተነክቶ መታለፍ የለበትም። ሠልጣኙ ቶርኖ ከመንካቱ በፊት ንባቡ እስኪረጋ ድረስ በካሊፐር ይፈተን። ለጀማሪም ዳያል ካሊፐር ይሻላል።

ምክንያቱ መርፌው ነው። ማስመሪያው ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ትንሽ ጥርስ ጎማ ያዞራሉ፤ እሱም መርፌውን። ሙሉው ሚሊ ሜትር ከማስመሪያው፣ ትርፉ ከመርፌው ይነበባል፤ በብዙዎቹ አንዷ መስመር 0.02 ሚሊ ሜትር ናት። አውራ ጣት ጠበቅ ሲያደርግ መርፌው ሸርተት ይላል፣ ሲላላ ይመለሳል። ሠልጣኙ የገዛ እጁን ጫና በዓይኑ ያያል። ቁጥር ብቻ የሚያወጣው ዲጂታል ይህን ያህል አያስተምርም።

አያያዙም ሙያ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት አቤ በ1890 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የሚለካው ዕቃና ማስመሪያው በአንድ መስመር ሲውሉ ስህተት ይቀንሳል። ማይክሮሜትር ይህን ያሟላል፤ ካሊፐር አያሟላም። ስለዚህ ዕቃው ከመንጋጋው ጫፍ ርቆ ወደ ማስመሪያው ተጠግቶ ይያዛል።

ሙቀቱስ? የዓለም መለኪያ ማጣቀሻ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከቶርኖ ገና የወረደ 50 ዲግሪ የሞቀ የ25 ሚሊ ሜትር ብረት ዘንግ እስከዚያ ሲቀዘቅዝ 0.009 ሚሊ ሜትር ያህል ይኮማተራል። ለዘንጉ የተፈቀደው ጠቅላላ ክልል 0.013 ብቻ መሆኑን ላስተዋለ፣ ትኩሱን ለክቶ ማስረከብ ደንበኛን መጉዳት ነው። ይህን ክልል ለመዳኘት ደግሞ ካሊፐር ራሱ አይበቃም፤ የመጨረሻው ልክ በማይክሮሜትር መወሰን አለበት። የመሣሪያውን ወሰን ማወቅ የፈተናው አካል መሆን ይገባዋል።

የመለማመጃ ዕቃ ውድ ነው የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። አዲስ፣ ጥራቱ የታመነ 6205 ኩሽኔታ ግን በመደበኛው ደረጃ የውጭ ስፋቱ ከ52 ሚሊ ሜትር ቢያንስ ከ0.013 አያልፍም፤ ይህ ከካሊፐሩ አንድ መስመር ያነሰ ነው። እሱን ደጋግሞ መለካትና ንባቦቹን ጎን ለጎን መጻፍ በቂ ልምምድ ነው። 52.04 ካለ ካሊፐሩ ተንጋዶ ተይዟል፤ 51.96 ካለ ጣቱ በርትቶ ተጭኗል፤ ወይም ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ብናኝ ብረት ገብቶ መርፌው ዜሮውን ስቷል። መንጋጋዎቹን ጠርጎ ባዶውን መግጠምና መርፌው የት እንደቆመ ማየት የትኛው እንደሆነ ይለያል።